ከወለድኩ በኋላ ሰውነቴ የኔ አልመስል አለኝ፣ የትኛው ነው የሚመለሰው የትኛው ነው የሚቀረው?

አዲሷ_እናት፦
ሰላም እህቶች እንዴት ናችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አራት ወር ሊሆነኝ ነው፣ በምጥ ነው የወለድኩት ትንሽ ተሰፍቼ ነበር፣ ልጄ ደህና ነው ተመስገን ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። ጥያቄዬ ስለ ራሴ ነው። እርጉዝ እያለሁ ሰው ሁሉ ስለ ማቅለሽለሹ ስለ ምጡ ነበር የሚያወራኝ፣ ከወለድሽ በኋላ ሰውነትሽ እንዲህ እንዲህ ይሆናል ብሎ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ግን የለም። 6ኛው ሳምንት ላይ ለቼክአፕ ስሄድም አዩኝና "ደህና ነሽ ጨርሰሻል" ተባልኩ በቃ። እኔ ግን የጨረስኩ አይመስለኝም። ሆዴ አሁንም የአምስት ወር እርጉዝ ነው የሚመስለው፣ ተኝቼ ቀና ስል መሃል ለመሃል ሾጠጥ ብሎ የሚወጣ ነገር አለ፣ ሳስነጥስ ወይ ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል፣ የድሮ ጫማዎቼ አልገባ ብለውኛል። አሁን ደግሞ ከሰሞኑ ፀጉሬ በእፍኝ እየመጣ ነው፣ ማበጠሪያው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የልጁ ጣት ላይ ሳይቀር ተጠምጥሞ አገኘዋለሁ፣ ትናንት እሱን ሳይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄ ሁሉ ኖርማል ነው? የትኛው ነው የሚመለሰው የትኛው ነው በዛው የሚቀረው? እባካችሁ ማባበል ሳይሆን እውነቱን ንገሩኝ።

የሶስት_ልጆች_እናት፦
ውዴ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የፀጉሩ ነገር የሁላችንም ነው አይዞሽ። እኔ በሶስቱም ልጆቼ ረግፏል በሶስቱም ተመልሷል። ግንባርሽ ዳር ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉሮች ቀጥ ብለው መቆም ሲጀምሩ ያኔ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። የሽንቱን ነገር ግን "ሴት ከወለደች በኋላ ያው ነው" ሲሉሽ እሺ ብለሽ አትቀበይ፣ የሚታከም ነገር ነው።

ማሂ_ማሂ፦
እኔም ስድስት ወሬ ነው ሁሉም ነገር ልክ እንዳንቺ ነው ከጫማው ጀምሮ። መልሱን እከታተላለሁ።

ሲስተር_አዋላጅ፦
እህቴ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ራሴም ወልጃለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ይሄ 6 ሳምንት የሚባለው ነገር ብዙ ሴት ስለሚያስጨንቅ እሱን ላስረዳ። 6 ሳምንት በዋናነት የማህፀን ጉዳይ ነው። ማህፀን ከእርግዝና በፊት 70 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው፣ በመጨረሻው ወር ግን ልጁን፣ እንግዴ ልጁንና ሽርት ውሃውን ሳይጨምር ራሱ ብቻ ወደ 1 ኪሎ ይደርሳል። ልክ እንደወለድሽ ሆድሽ ላይ እምብርት አካባቢ ጠንከር ብሎ በእጅ ይዳሰሳል፣ ከዛ በየቀኑ በአንድ ጣት ስፋት ያህል ዝቅ እያለ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ዳሌ አጥንት ውስጥ ገብቶ ከላይ መዳሰሱ ይቀራል፣ 6 ሳምንት አካባቢ ወደ ድሮ መጠኑ ይጠጋል። ልጁ ሲጠባ ሆድሽን ቁርጥ ቁርጥ ያደርግሽ የነበረው ይሄ ነው፣ ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቅና ማህፀኑን ይጨምቀዋል። ሁለተኛና ሶስተኛ ልጅ ላይ ህመሙ ይብሳል፣ ስለዚህ ድጋሚ ስትወልጂ "ባለፈው እንዲህ አላመመኝም ነበር" ብለሽ እንዳትደነግጪ። ደሙም በመጀመሪያዎቹ ሶስት አራት ቀናት ቀይ፣ ከዛ ወደ ሮዝና ቡናማ፣ ከዛ ወደ ቢጫ ነጭ እየሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ይቆማል።

እና "ጨርሰሻል" ሲሉሽ ማህፀንሽ ተመልሷል፣ ስፌትሽ ገጥሟል ማለታቸው ነው። የሆድሽ ጡንቻ፣ ከስር ያለው ጡንቻ፣ ፀጉርሽ፣ መገጣጠሚያሽ፣ እንቅልፍሽ በዛ ቀን አይጨርሱም። አንዳንዱ ወራት አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይፈልጋል። ሰውነትሽ ዘግይቶ አይደለም፣ የተሰጠሽ ቀጠሮ ነው አጭር የነበረው።

ፀጉር፦ እርጉዝ ሆነሽ ኤስትሮጅን ከፍ ስለሚል በጊዜው መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፣ ለዛ ነው ብዙዎቻችን በእርግዝና ጊዜ ፀጉራችን የሚበዛው። ከወለድሽ ሆርሞኑ በአንዴ ይወርዳል፣ ያ ተጠራቅሞ የነበረው ደግሞ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ አንድ ላይ መልቀቅ ይጀምራል። አንቺ ልክ ጊዜው ላይ ነሽ። አብዛኛው ሴት ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይመለስላታል። ግን ከፀጉሩ ጋር ልብሽ የሚመታ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ያለ ምክንያት የምትከሺ፣ ወይም በተቃራኒው ብርድ ብርድ የሚልሽና ጭራሽ ጉልበት የምታጪ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት የታይሮይድ እጢ የሚቆጣበት ሁኔታ አለ፣ ብዙ ጊዜ "የአራስ ድካም ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ሌላው የልጁ ጣት ላይ ተጠምጥሞ አገኘዋለሁ ያልሽው ነገር እሱን አትናቂው። አንዲት ፀጉር የህፃን የእግር ወይም የእጅ ጣት ላይ ተጠምጥማ ልትጠብቅና ደም ልታቆም ትችላለች። ካልሲ ስታወልቂለት በየጣቱ መሃል እይ፣ ምክንያቱ ሳይገባሽ አልቅሶ አላቆም ካለም መጀመሪያ ጣቶቹን ተመልከቺ። ጣቱ አብጦ ወይ ቀልቶ ፀጉሩ አልወጣ ካለሽ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው።

ጫማ፦ እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሄዷል መቼም። የቀረው የእግርሽ ውስጠኛ ጎን ዝቅ ብሎ እግርሽ ስለረዘመ ነው፣ ክብደቱና ጅማቶቹ መላላታቸው ነው የሚያደርገው። እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ፣ ይሄኛው ሊቀር ይችላል። በተለይ በመጀመሪያ ልጅ ላይ የጫማ ቁጥር ጨምሮ መቅረት ያጋጥማል።

ሆድሽ መሃል ላይ ስለሚወጣው ነገር ፊዚዮቴራፒ የሰራ ሰው ቢመልስልሽ ይሻላል።

አዲሷ_እናት፦
ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ!! ስለ ልጁ ጣት ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ አሁኑኑ ሄጄ አየሁት ደህና ነው። "የተሰጠሽ ቀጠሮ ነው አጭር የነበረው" ያልሽው ነገር ትልቅ ሸክም አወረደልኝ።

ነፍሰጡር_7ኛ_ወር፦
ይቅርታ ክሩ ከወለዱ በኋላ ስላለው ቢሆንም ሲስተር እባክሽ እኔንም። ሰባተኛ ወሬ ነው፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ቁጭ ብዬ ሁሉ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፣ ከእምብርቴ ወደ ታች ጥቁር መስመር ወጥቶብኛል፣ ፊቴ ላይ ማድያት፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ባለቤቴ ልብሽን ታይ እያለኝ ነው።

ሲስተር_አዋላጅ፦
እህቴ ባለቤትሽ ማሰቡ ጥሩ ነው፣ ለሚከታተሉሽ ንገሪያቸው። ግን ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርሽ። በእርግዝና የደምሽ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ ልብሽ ደግሞ ያንን ሁሉ ለመርጨት በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ጨምራ ትመታለች። የሚጨምረው ግን በአብዛኛው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ነው፣ ቀዩ የደም ሴል በዛ ልክ አይጨምርም፣ ስለዚህ ደምሽ ቀጠን ይላል፣ አይረኑንና ፎሊክ አሲዱን ሳታቋርጪ ዋጪ የሚሉሽ ለዚህ ነው። ትንፋሹ ደግሞ ሁለት ምክንያት አለው፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አብዝተሽ እንድትተነፍሺ ያደርጋል፣ ማህፀኑም ከሳንባሽ ስር ያለውን ጡንቻ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይገፋዋል። ድዱ በሆርሞኑ ምክንያት ነው፣ ጥርስሽን መፋቅ አትተዪ። መስመሩና ማድያቱ ከወለድሽ በኋላ በወራት ውስጥ ይደበዝዛሉ፣ ማድያት ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚብስ ፊትሽን ከፀሐይ ጠብቂ። የጣቶችሽ መደንዘዝ እጅሽ አንጓ ላይ ውሃ ስለሚቋጠርና ነርቩን ስለሚጫነው ነው፣ ሌሊት አንጓሽ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚያደርግ መደገፊያ ብታስሪ ይረዳሻል፣ ከወሊድ በኋላ አብዛኛው ይለቃል።

ግን ልብ በይ፣ ትንፋሹ ተኝተሽም የማይለቅሽ ከሆነ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ራስሽን ልትስቺ የደረስሽ ከመሰለሽ፣ ፊትና እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛው ቀን ሂጂ።

ማክዳ_ኤም፦
አዲሷ እናት ለሆዱ እኔ የማውቀው ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው ከዛ ሲትአፕ በየቀኑ። እህቴ እንደዛ ነው ያደረገችው ሆዷ ሳሎን ውስጥ ካለ ፎቶዋ ጋር እኩል ሆኗል። ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ እንደዛው ነው የሚቀረው።

ፊዚዮ_ራሄል፦
ማክዳዬ ለእህትሽ ስለተስማማት ደስ ይላል፣ ግን አዲሷ እናት ያለችው ምልክት ላላት ሴት ሲትአፕ መጀመሪያ ላይ አይመከርም፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።

ሆዳችን ፊት ለፊት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ ግራና ቀኝ፣ መሃላቸው ላይ የሚያያይዛቸው ጅማት መሰል ሽፋን አለ። ሆድ ሲገፋ ጡንቻው አይቀደድም፣ ያ መሃል ላይ ያለው ሽፋን ነው ሳስቶ የሚሰፋው። በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ሁሉም ሴት ሊባል በሚችል ደረጃ ይሰፋል ስለዚህ በሽታ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት በራሱ በደንብ ይሰበሰባል፣ ከዛ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ያኔ ነው የኛ ስራ የሚመጣው።

ራስሽን እንዲህ እይ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እግርሽ መሬቱን ይርገጥ። የአንድ እጅሽን ጣቶች እምብርትሽ ላይ ወደ ጎን አድርገሽ አስቀምጪ፣ ጫን ሳታደርጊ። ከዛ ጭንቅላትሽን ብቻ ቀስ ብለሽ ቀና አድርጊ። ግራና ቀኝ ጡንቻው ጣትሽን ሲይዝ ይሰማሻል፣ መሃል ስንት ጣት ገባ? እምብርቱ ላይ፣ ከሱ ከፍ ብሎና ዝቅ ብሎም እይው። ከሁለት ጣት ከበለጠ ተለያይቷል እንላለን። ግን ስፋቱ ብቻ አይደለም ዋናው፣ ጣትሽ ጠልቆ ዝም ብሎ ይገባል ወይስ ከስር ወጠር ብሎ ይመልስሻል? የሚመልስ ከሆነ ሁለት ተኩል ጣት ሆኖም ሆድሽ ስራውን እየሰራ ነው።

አሁን ሲትአፕ ስትሰሪ ያ የሳሳው መሃል ሾጠጥ ብሎ ከወጣ ጉልበቱ ሁሉ ወደዛ እየገፋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥልቁን ጡንቻ ነው የምናነቃው። በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ ስታወጪ ከእምብርትሽ በታች ያለውን ሆድ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ከስርም ሽንት እንደምትይዢ ሆነሽ ጠበቅ አድርጊ፣ ትንሽ ያዢና ልቀቂ። ቀላል ይመስላል ግን በቀን ውስጥ ደጋግመሽ ስትሰሪው ልዩነቱን ታያለሽ። ከአልጋ ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አትነሺ፣ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪና በእጅሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ሆድሽ ሾጠጥ ሳይል መስራት የምትችይውን እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ጨምሪ፣ በኋላ ሲትአፑም ይመጣል፣ ለዘላለም ተከለከለ ማለት አይደለም።

ማሰሩን በተመለከተ፣ ለስለስ ያለ መደገፊያ በተለይ በኦፕሬሽን ለወለደች ሲነሱና ሲያስሉ ህመሙን ያቀልላል፣ ይሄ ጥሩ ነው። ጡንቻን ግን አይመልስም። ትንፋሽ እስኪያጥር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ግፊቱን ወደ ታች ስለሚልከው ሽንት ለሚያመልጣት ሴት ይብስባታል።

ማክዳ_ኤም፦
እሺ ራሂዬ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ለእህቴም እልክላታለሁ። አመሰግናለሁ በእውነት።

አዲሷ_እናት፦
ሶስት ጣት ነው የገባው። ግን ከስር ወጠር ይላል ዝም ብሎ አይገባም።

ፊዚዮ_ራሄል፦
ጥሩ ነው እህቴ፣ ተስፋ ያለው ነገር ነው። አሁን ወደ ሽንቱ ልምጣ። ከወለዱ ሴቶች ከ3ቱ 1 ያህሏ ጋ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ጋ አለ ማለት ግን ተሸክመሽው ኑሪ ማለት አይደለም። የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከስር ደግፈው የያዙ ጡንቻዎች አሉ፣ በእርግዝናው ክብደት ተጭኗቸዋል፣ በምጥ ደግሞ ከልካቸው በላይ ተለጥጠዋል። አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፎበት በስሙ የቀረው ኬግል የሚባለው እንቅስቃሴ ለዚህ ነው።

ብዙ ሴት ግን በትክክል አትሰራውም። ሽንትሽንና አየር እንዳያመልጥሽ ሁለቱንም በአንዴ እንደምትይዢ አስቢ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ነው የሚሳበው። መቀመጫሽ ከተጨበጠ፣ ጭንሽ ከተጣበቀ ወይ ትንፋሽሽን ከያዝሽ ሌላ ጡንቻ እየሰራሽ ነው። መጀመሪያ ሶስት አራት ሰከንድ መያዝ ከቻልሽ በቂ ነው፣ ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ አድርሺው፣ በያንዳንዱ መሃል ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፣ መልቀቁም እኩል ነው የሚያስፈልገው። 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። ልጅሽን ጡት ስታጠቢ ብትሰሪው አይረሳሽም። ሽንት እየሸናሽ አቁመሽ መለማመድ ግን ልማድ አታድርጊው፣ ፊኛሽ በደንብ እንዳይወጣለት ያደርጋል። ማስነጠስ ሲመጣብሽ ደግሞ ቀድመሽ ጠበቅ አድርጊ። ለውጥ ለማየት ወደ 3 ወር ስጪው። ከዛ በኋላም ካለ፣ ወይም ከስር የሚከብድሽ፣ የሆነ ነገር ወደ ታች የሚወርድ የሚመስልሽ ከሆነ የማህፀን ሐኪም ይይሽ፣ ማህፀን ወይ ፊኛ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ለሱም ከኦፕሬሽን በፊት ብዙ መፍትሄ አለ።

ስሜ_ይቆይ፦
የማላውቃችሁ ስለሆናችሁ ነው የምጠይቀው። ከወለድኩ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ ያመኛል፣ ደረቅ ነው፣ ስፌቱ ገጥሟል ተብያለሁ። አልፈለግሽኝም እያለኝ ነው።

ሲስተር_አዋላጅ፦
የኔ እህት ይሄ አለመፈለግ አይደለም። ጡት ስታጠቢ ኤስትሮጅን ዝቅ ስለሚል እዛ አካባቢ ይደርቃል ይሳሳልም፣ ማጥባቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይመለሳል። እስከዛው በውሃ የተሰራ ማለስለሻ ከፋርማሲ አለ ተጠቀሚ፣ አትቸኩሉ። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚወጋሽ ከሆነ ግን ድጋሚ ታዪ። ይሄን ጽሑፍ ለባለቤትሽ አሳዪው። ሌላ ደግሞ፣ ፔሬድ ስላልመጣ አላረግዝም ብላችሁ የምታስቡ አላችሁ፣ እንቁላል ከፔሬድ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ማጥባት የሚከላከለው ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና ፔሬድ ካልመጣ ነው፣ ከሶስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ የሚመክረው ሰውነት የተሟጠጠበትን እንዲተካ ነው።

ሁለቴ_በኦፕሬሽን፦
ስለ ኦፕሬሽንም ይወራ እንጂ። "አንቺማ ሳታምጪ ነው የወለድሽው" ሲሉኝ በጣም ይከፋኛል፣ ቆዳ፣ ስብ፣ ሽፋን፣ ማህፀን ድረስ ተቆርጦ ነው እኮ። የኔ ጠባሳ ዙሪያው ለብዙ ወራት ደንዝዞ ነበር፣ ብነካው የሌላ ሰው ቆዳ ነበር የሚመስለኝ፣ ነርቭ ስለሚቆረጥ ነው አሉኝ ቀስ እያለ ተመልሷል ትንሽ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ወገቤን ሲያመኝ ሰው ሁሉ ለማደንዘዣ ብለው የወጉሽ የጀርባው መርፌ ነው ይለኛል። እውነት ነው?

ሲስተር_አዋላጅ፦
መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ቀና ስትይ የሚብስ ስትተኚ የሚቀልል ራስ ምታት ከመጣ ከመርፌው ሊሆን ስለሚችል ተናገሪ። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ህመም ግን ከመርፌው እንደማይመጣ ነው ጥናቶች የሚያሳዩት፣ መርፌ ያልወሰዱ እናቶችንም እኩል ያማቸዋል። የላላ የሆድ ጡንቻ፣ ጎንበስ ብሎ ማጥባት፣ ልጅ ተሸክሞ መዋል ነው ብዙውን ጊዜ። በኦፕሬሽን የወለዳችሁ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከልጃችሁ የከበደ ነገር አታንሱ፣ ግን ተኝታችሁም አትዋሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀስ እያሉ መራመድ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል።

እውነት ነው ደግሞ፣ በኦፕሬሽን የወለደች ወልዳለች፣ በዛ ላይ ትልቅ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። አራስም ታካሚም ናት።

የመንታ_እናት፦
ኪሎውስ? ሁሉም ሰው ሲያየኝ መጀመሪያ የሚለኝ እሱን ነው። በጣም ያደክመኛል።

የሶስት_ልጆች_እናት፦
የሰው አፍ ተዪው ውዴ። ስትወልጂ ልጁ፣ እንግዴ ልጁና ውሃው ሲወጣ ከ5 እስከ 6 ኪሎ በአንዴ ይቀንሳል፣ ከዛ በመጀመሪያው ሳምንት የሽንቱ ብዛት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርሰው ላብ፣ እሱ በእርግዝና የተጠራቀመው ውሃ እየወጣ ነው። የቀረው ሰውነት ለጡት ብሎ ያስቀመጠው ስብ ነው፣ እሱ በወራት ነው የሚሄደው። ዘጠኝ ወር የመጣ ነገር በአንድ ወር አይሄድም። አንቺማ መንታ ነው የተሸከምሽው።

ሲስተር_አዋላጅ፦
ልክ ነሽ። ልጨምር፣ መደበኛ ክብደት ኖሯት አንድ ልጅ ያረገዘች ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመሯ የሚጠበቅ ነው፣ መንታ ሲሆን ከዛም ይበልጣል። ሸንተረሩም ቀይ ወይ ሐምራዊ የሆነው ወደ ነጣ ያለ ቀለም ይደበዝዛል፣ ጨርሶ አይጠፋም። ያጠፋል ተብሎ ለሚሸጥ ቅባት ገንዘባችሁን አታውጡ።

አባወራ_ነኝ፦
ሰላም እህቶቼ፣ ወንድ ሆኜ እዚህ መግባቴን ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለቤቴ ከወለደች አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ታለቅሳለች፣ ልጁ ተኝቶ እንኳን አትተኛም ጣራ ጣራውን ነው የምታየው፣ ልጁን ስሰጣት እጇ አይዘረጋም። ትናንት ማታ "እኔ ባልኖር ለናንተ ይሻላል" አለችኝ። እናቴ ድካም ነው ያልፋል ትላለች። ምን ላድርግ?

ሲስተር_አዋላጅ፦
ወንድሜ እንኳን ጻፍክ። ይሄ ድካም ብቻ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ እስክትደርሱ ብቻዋን አትተዋት፣ ልጁንም ብቻዋን ይዛ እንዳትቆይ አብሯችሁ የሚሆን ሰው ጥራ። ከወለዱ በኋላ ማልቀስ ሆደ ባሻ መሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብዙ ሴት ይመጣል፣ ሆርሞን ወርዶ እንቅልፍ ጠፍቶ ነው፣ ግን በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ ተገኝቶም ካልተኛች፣ ባልኖር ይሻላል ካለች፣ የወሊድ ድብርት ነው ሊሆን የሚችለው፣ ህክምና አለው፣ እያጠባች ሊወሰድ የሚችል መድኃኒትም አለ። የተናገረችውን ቃል እንዳለ ለሐኪሙ ንገር፣ አታለዝበው። ለሷ ደግሞ "ታመሻል፣ ይታከማል፣ እኔ አለሁ" በላት። ጥፋቷ እንዳልሆነ ደጋግመህ ንገራት። የሌለ ድምፅ እሰማለሁ ካለች ወይ ፈጽሞ ሌላ ሰው ከሆነችብህ ደግሞ ድንገተኛ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

ቃል_22፦
ወንድሜ እኔ እዛ ቦታ ነበርኩ። ድኛለሁ። ባለቤቴ ስላመነኝና ስለወሰደኝ ነው። እባክህ ዛሬ።

አባወራ_ነኝ፦
ተነስተናል መንገድ ላይ ነን። እህቴም ልጁን ይዛ አብራን አለች። አመሰግናለሁ።

ማሂ_ማሂ፦
እግዚአብሔር ይርዳችሁ 🙏 እኔ ደግሞ ከወለድኩ መርሳት በዝቶብኛል፣ አእምሮዬም አብሮ ተቀየረ ወይ እላለሁ።

ፊዚዮ_ራሄል፦
ማሂዬ እውነትም ይቀየራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶችን ከእርግዝና በፊትና በኋላ በኤምአርአይ ሲያነሷቸው የሌላውን ሰው ስሜት ከመረዳት ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ላይ ግራጫው ክፍል ቀንሶ ተገኝቷል፣ ለውጡም ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቷል። በማስታወስ ፈተና ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ቀነሰ ሲባል ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ተመራማሪዎቹ ለእናትነት ራሱን እያስተካከለ ነው ብለው ነው የተረዱት። መርሳቱ አብዛኛው ከእንቅልፍ ማጣት ነው።

ሲስተር_አዋላጅ፦
ይሄ ክር በብዙ ሴት እየታየ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልጽፍ አልወጣም። ገና የወለዳችሁ፣ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ትኩሳታችሁ 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ከሆነ፣ ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ስፌቱ ከቀላና መግል ከያዘ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱን ካመመ፣ ደረት ካመመ ወይ ትንፋሽ ካጠረ አትጠብቁ። የደም ግፊት ደግሞ እርግዝናው ላይ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ አላችሁ፣ ከወለዱ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ይችላል፣ በእርግዝና ጊዜ ግፊቷ ደህና የነበረ ሴት ላይም። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ከጎድን አጥንት ስር በቀኝ በኩል ህመም ካለ ግፊታችሁን አስለኩ፣ "በቅርብ ነው የወለድኩት" ብላችሁ ንገሯቸው ምክንያቱም ካልነገራችኋቸው ላያስቡት ይችላሉ።

አዲሷ_እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከመውለዴ በፊት እሮጥ ነበር፣ በጣም ናፍቆኛል። አራት ወር ከሞላኝ ልጀምር?

ፊዚዮ_ራሄል፦
ለሩጫ ከ3 ወር በፊት አይመከርም፣ አንቺ እሱን አልፈሻል፣ ግን ወሩ ብቻ አይበቃም። ሽንት ሳያመልጥሽና ከስር ሳይከብድሽ 30 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ መራመድ፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ባሉበት መዝለል ከቻልሽ አንድ ደቂቃ ሮጠሽ ሁለት ደቂቃ እየተራመድሽ ጀምሪ። አሁን ግን ስታስነጥሺ እያመለጠሽ ስለሆነ መጀመሪያ ኬግሉን እንስራ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የት እንደደረስሽ አይተን እንወስናለን።